ቆሽት ሳይኖረው የተወለደው ሕፃን፦ ከአንድ የዘረመል ፊደል መጉደል እስከ ቆመ እምቡጥ

በ1993 የአሜሪካው ቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ የሕፃናት ሐኪሞች ስለ አንድ አራስ የሚገልጽ ጽሑፍ በሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ሕፃኑ ለእርግዝናው ዕድሜ ከሚገባው በታች መዝኖ ተወለደ። ገና በአራስነቱ የደሙ ስኳር ከፍ አለ፤ ከኢንሱሊን በቀር የሚያወርደው ያልተገኘለት፣ ውሎ አድሮም የማይለቅ የስኳር በሽታ ሆነ። ምግብ የሚፈጩት የቆሽት ኢንዛይሞችም አልነበሩትም። ቆሽቱ ራሱ ሲፈለግ ከቦታው ጠፋ።

በአማርኛ ቆሽትና ጣፊያ በየሰፈሩ ስለሚምታቱ ከወዲሁ እንለያቸው። ቆሽት የምንለው ከጨጓራ ጀርባ ተጋድሞ ጭንቅላቱን በትንሹ አንጀት የመጀመሪያ ክፍል፣ በዱዎዲነም እቅፍ ውስጥ ያሳረፈውን እጢ ነው። ሰው ሲናደድ «ቆሽቴ አረረ» የሚልለት ነው። ሥራው ሁለት ነው፦ ቅባት፣ ፕሮቲንና ስታርች የሚፈጩ ኢንዛይሞችን በቧንቧ ወደ አንጀት ይልካል፤ ኢንሱሊንና ግሉካጎንን ደግሞ በቀጥታ ወደ ደም ይለቃል። የዚህ ሕፃን ጉዳይ ትልቅ ቦታ ያገኘው ሁለቱም ሥራዎች አብረው ስለጠፉ ነው። ኢንሱሊን ብቻ ቢጎድል ኢንሱሊን የሚሠሩትን ሴሎች እንጠረጥር ነበር። ሁለቱም ሲጎድሉ ግን የሚጠረጠረው አካሉ የተሠራበት ሂደት ነው።

ቆሽት «የለም» ሲባል ሦስት የተለያዩ ነገሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ጭራሽ አልተጀመረ ይሆናል፤ ተሠርቶ ኋላ ፈርሶ ይሆናል፤ ወይም ተጀምሮ መንገድ ላይ ቆሞ ይሆናል። አልትራሳውንድ ሦስቱንም በአንድ ዓይን ነው የሚያያቸው። ለመለየት ወደ ሽሉ የመጀመሪያ ሳምንታት መመለስ ያስፈልጋል።

ማህፀን ውስጥ ለምን አልታወቀም?

ጽንስ ያለ ቆሽት ዘጠኝ ወሩን ሊጨርስ ይችላል። ስኳሩ የሚመጣው በእንግዴ ልጅ በኩል ከእናቱ ደም ስለሆነ መጠኑን የምትቆጣጠርለት እናቱ ናት። ምግብ በአፉ ስለማይወስድ የሚፈጭ ነገር የለውም፤ ኢንዛይም ባይኖረው አይጎዳም። ዕዳው የሚቆጠረው እትብቱ ከተቆረጠ በኋላ ነው።

ቀድሞ የሚታይ አንድ ምልክት ግን አለ፦ ክብደት። ኢንሱሊን ለጽንስ የስኳር መቆጣጠሪያ ብቻ ሳይሆን ዋና የማደጊያ ሆርሞኑ ነው፤ ጡንቻና ስብ የሚገነባው በእሱ ነው። የእናቱ ኢንሱሊን ደግሞ እንግዴ ልጁን ተሻግሮ አይደርሰውም። ስለዚህ የራሱ የሌለው ጽንስ ስኳር ሞልቶ እያለ ይከሳል። ስኳሯ ከፍ ያለ እናት የምትወልደው ልጅ ገዝፎ የሚወጣበትን ምክንያት ገልብጦ ማየት ነው፤ እዚያ ጽንሱ ከእናቱ የሚመጣለትን ትርፍ ስኳር በራሱ ኢንሱሊን ሥጋ ያደርገዋል። ከስቶ የተወለደና ስኳሩ አልወርድ ያለ አራስ ሲገጥም ሁለቱን አያይዞ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

ጤነኛው መንገድ

በሰው ሽል 26ኛው ቀን ገደማ ላይ አንጀት የሚሆነው ነገር ከአንድ ንጣፍ ሴሎች የተሠራ ቀጭን ቱቦ ነው። ንጣፉ ኢንዶደርም ይባላል። በዚህ ቱቦ ጀርባ በኩል ትንሽ እብጠት ብቅ ትላለች፤ ይህች የጀርባ እምቡጥ ናት። ከጥቂት ቀናት በኋላ በሆድ በኩል፣ የሐሞት ቧንቧ ከሚወጣበት ሥር፣ ሁለተኛ እምቡጥ ይከተላል። በአይጥ ሽል፣ እርግዝናው 19 ቀን አካባቢ በሆነበት፣ ይኸው ነገር የሚታየው በ9ኛው ቀን ተኩል ገደማ ነው። የምናውቀው አብዛኛው ዝርዝር ከአይጥና ከጫጩት ሽል የተገኘ ነው።

ሁለቱ እምቡጦች ኋላ አንድ አካል ቢሆኑም አመጣጣቸው አይመሳሰልም። የጀርባው ክፍል መጀመሪያ ከኖቶኮርድ ጋር ይነካካል፤ ኖቶኮርድ የአከርካሪ ፈር ቀዳጅ የሆነ ዘንግ ነው። ከዘንጉ የሚወጡ ምልክቶች፣ አክቲቪንና ኤፍጂኤፍ2 የሚባሉ ፕሮቲኖች፣ ከታች ባለው ኢንዶደርም ላይ ሶኒክ ሄጅሆግ የተባለውን ጂን ያጠፉታል። የቀረው ቱቦ ጂኑን እንደያዘ ጨጓራና አንጀት ሲሆን፣ የጠፋበት ቁራጭ ብቻ የቆሽት ጂኖችን ለማብራት ነፃ ይሆናል። በጫጩት ሽል ላይ ኖቶኮርዱ በቀዶ ሲወጣ በዚያ ቦታ የቆሽት ጂኖች አይበሩም። ከዚያ አኦርታ፣ ከልብ የሚወጣው ዋናው የደም ሥር፣ በመካከል ይገባና ኖቶኮርዱን ከአንጀቱ ያርቀዋል፤ ቀጣዩን ምልክት የሚሰጠው ደግሞ የአኦርታው ግድግዳ ነው። በ2001 የወጣ ሥራ እንዳሳየው ይህ የደም ሥር ከሌለ ኢንሱሊን የሚሠሩ ሴሎች አይመጡም። ኋላ ኢንሱሊኑን የሚረከበው ደም ሥር ገና ከጅምሩ ሥራውን የሚያዝ መሆኑ የሚገርም ነው።

በሆድ በኩል ያለው ጎረቤት ልብ ነው። ለልብ ቅርብ የሆነው ኢንዶደርም ከልቡ በሚመጣ ኤፍጂኤፍ ጉበት ይሆናል፤ ምልክቱ የማይደርስበት፣ ራቅ ያለው ጠርዝ ቆሽት ይሆናል። እዚህ ላይ ቆሽትነት ማንም ካልነካው የሚመጣ ዕጣ ነው። ከዚሁ ሠፈር ሐሞት ከረጢትም የሐሞት ቧንቧም ይወጣሉ። በአዋቂ ሰው ላይ የሐሞት ቧንቧና ዋናው የቆሽት ቧንቧ በአንድ በር ወደ ዱዎዲነም የሚፈስሱት፣ የሐሞት ጠጠርም በሩን ሲዘጋ ቆሽትን የሚያስቆጣው በዚህ ጥንታዊ ጉርብትና ነው።

ዱዎዲነም ሲጠማዘዝ የሆዱ እምቡጥ አብሮ ዞሮ ከኋላ ይመጣና በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት ከጀርባው ጋር ይዋሐዳል። የሆዱ እምቡጥ የጭንቅላቱን የኋላና የታች ክፍል ይሰጣል፤ የተረፈው ጭንቅላት፣ አካሉና ጭራው ከጀርባው ነው። ዙረቱ ሲበላሽ ቆሽት ዱዎዲነምን እንደ ቀለበት ያንቃል፤ ቧንቧዎቹ ሳይገናኙ ሲቀሩ ደግሞ ጀርባው ለብቻው በትንሹ በር ይፈስሳል። ይህ ሁለተኛው ከመቶ ሰው እስከ 10 በሚደርሱት ላይ ይገኛል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። የቨርጂኒያው ሕፃን ችግር ግን ከዙረቱ የቀደመ ነው።

እምቡጥ ወጣ ማለት ቆሽት ሆነ ማለት አይደለም። እምቡጡን እንደ ካፖርት የሚሸፍነው ሜሰንካይም የሚባል ልል ቲሹ አለ። በ1962 ጎሎሶውና ግሮብስታይን የአይጥ እምቡጥን ከሜሰንካይሙ ነጥለው በሳህን ሲያሳድጉት ባለበት ቀረ፤ ሜሰንካይሙ በስስ ማጣሪያ ማዶ ሆኖ ሲቀመጥለት ግን ቅርንጫፍ እያወጣ ቀጠለ። ሁለቱ ሳይነካኩ ስላደገ፣ የሚያሳድገው በፈሳሽ የሚሻገር ምልክት መሆኑ ነው። ኋላ ከምልክቶቹ አንዱ ኤፍጂኤፍ10 መሆኑ ታወቀ። ይህ ጂን የሌላቸው አይጦች እምቡጥ ያወጣሉ፤ እምቡጡ ግን አይገፋም።

በምልክቱ እየተባዛ የሚሄደው ቱቦ ቅርንጫፍ ሲያወጣ ጫፎቹና ግንዶቹ ይለያያሉ። ጫፎቹ ኢንዛይም አመንጪ ሴሎች ይሆናሉ። ከግንዶቹ ቧንቧዎቹ ይወጣሉ፤ ከእነዚህም መካከል ኒውሮጂኒን3 የተባለው ጂን ለአጭር ጊዜ የሚበራባቸው ሴሎች ከግድግዳው ተላቅቀው ይወጡና ተሰባስበው ኢንሱሊን፣ ግሉካጎንና ሶማቶስታቲን የሚሠሩ ደሴቶችን ይመሠርታሉ። በአይጥ ላይ ይህ ከ13ኛው ቀን ተኩል እስከ 15ኛው ቀን ተኩል በአንድ ትልቅ ማዕበል ይመጣል። በሰው ከ8ኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ ረዘም ላለ ጊዜ ይዘረጋል።

በሕፃኑ የት ላይ ቆመ?

ከላይ በተገለጸው መንገድ ላይ ሁሉ አብሮ የሚሄድ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ዛሬ ስሙ ፒዲኤክስ1 ነው። ጂኖችን የሚያበራና የሚያጠፋ ተቆጣጣሪ ነው። የተለያዩ ላቦራቶሪዎች ለየብቻቸው ስላገኙት በድሮ ጽሑፎች አይፒኤፍ1፣ አይዲኤክስ1 ወይም ኤስቲኤፍ1 ተብሎ ይገኛል፤ ጉዳዩን ከምንጩ የሚያነብ ሰው አራት የተለያዩ ጂኖች እንዳይመስሉት።

የሕፃኑን ሐኪሞች ወደዚህ ጂን የመራው የአይጥ ሥራ ነው። በ1994 በስዊድን ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ የሄሌና ኤድሉንድ ቡድን ሁለቱም የዚህ ጂን ቅጂዎች የጠፉባቸው አይጦች አስወለደ። ግልገሎቹ ቆሽት አልነበራቸውም፤ በተወለዱ በጥቂት ቀናት ውስጥም ሞቱ። ምስሉ ከቨርጂኒያው ሕፃን ጋር ቁርጥ ነው፦ እርግዝናውን ይጨርሳል፣ ይወለዳል፣ ከዚያ ስኳሩ አልቆም ይላል። ልዩነቱ ሕፃኑ ኢንሱሊንና ኢንዛይም የሚሰጠው ሐኪም ማግኘቱ ነው።

በቦስተን ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል ዶሪስ ስቶፈርስና ጆኤል ሃበነር፣ ከቨርጂኒያው ዊልያም ክላርክ ጋር ሆነው፣ የሕፃኑን ዲኤንኤ አነበቡ። ጂኑ በ13ኛው ክሮሞሶም ላይ ይገኛል፤ ፕሮቲኑ 283 አሚኖ አሲዶች አሉት። በ1997 ያወጡት ውጤት አጭር ነው፦ በ63ኛው ኮድ (አንድ አሚኖ አሲድ የሚጻፍበት ባለ ሦስት ፊደል ቃል) ላይ አንድ ሲ ፊደል ጎድላለች፤ የጎደለችውም በሁለቱም ቅጂዎች ላይ ነው።

አንድ ፊደል ጎድላ ይህን ያህል ጥፋት የምታደርሰው ዲኤንኤ ሦስት ሦስት ፊደል እየተቆጠረ ስለሚነበብ ነው። በፊደላችን እናሳየው፦ «አበበ ወተት ገዛና ለልጅ ሰጠው»። እያንዳንዱ ቃል ሦስት ፊደል ነው። ከ«ወተት» ላይ «ወ»ን አንሡና ሦስት ሦስት እያላችሁ እንደገና ቁጠሩ፦ «አበበ ተትገ ዛናለ ልጅሰ ጠው»። «አበበ» ደኅና ነው፤ ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልተረፈም። ፊደሏ ብቻ ሳትሆን ከእሷ በኋላ ያለው ሁሉ ፈረሰ። በሕፃኑም እንደዚያው የመጀመሪያዎቹ 62 አሚኖ አሲዶች ትክክል ናቸው፤ የቀረው ዝብርቅርቅ ሆኖ ብዙም ሳይርቅ ይቋረጣል። ፕሮቲኑ ዲኤንኤን የሚጨብጥበት ክፍል፣ ሆሚዮዶሜይን የሚባለውና ከ146ኛው አሚኖ አሲድ አካባቢ የሚጀምረው፣ ሙሉ በሙሉ ቀርቷል። እጅ የሌለው ተቆጣጣሪ ማለት ነው።

አሁን ወደ ሦስቱ አማራጮች እንመለስ። በ1996 የኡሜዮው ቡድንና በአሜሪካ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የክሪስቶፈር ራይት ቡድን ለየብቻቸው ፒዲኤክስ1 የሌላቸውን ሽሎች በየዕድሜያቸው ከፍተው አዩ። እምቡጡ ነበረ! በጊዜው ወጥቷል፤ ጥቂት ሆርሞን የሚሠሩ ሴሎችም ነበሩበት። ሜሰንካይሙም ዙሪያውን ከቦ በደንቡ አድጓል። የቆመው በውስጡ ያለው ቱቦ ነው፤ በጀርባ በኩል ትንሽና ቅርጽ የለሽ ቧንቧ ሆኖ ቀረ፣ ኢንዛይምም አላመነጨ። የኡሜዮው ቡድን አንድ እርምጃ ጨመረ፦ ከጤነኛ ሽል የተወሰደ እምቡጥን ከጂን አልባው ሜሰንካይም ጋር አጣመረ፣ አደገ፤ ጂን አልባውን እምቡጥ ከጤነኛ ሜሰንካይም ጋር ሲያጣምር ግን አላደገም። ላኪው ይልካል፤ ተቀባዩ አይሰማም።

ስለዚህ «የለም» የሚለው ትርጉሙ «አልተጀመረም» አይደለም፤ ተጀምሮ፣ የማደጊያው ጥሪ መጥቶለት፣ መልስ አጥቶ የቆመ ነው። ጉዳቱም ዘላቂ የሆነው ቆሽት ጉድለቱን የማካካስ አቅሙ ደካማ ስለሆነ ነው። በ2007 የዳግላስ ሜልተን ቡድን በአይጥ ሽል ውስጥ የእምቡጡን መነሻ ሴሎች ከፊሉን በመርዝ ገደለ፤ የተረፉት ተባዝተው ክፍተቱን አልሞሉትም፣ ቆሽቱ አንሶ ተወለደ። ተመሳሳይ ጉዳት የደረሰበት የጉበት ጅማሮ ግን አገግሞ መጠኑን አስተካከለ። የቆሽት መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በመጀመሪያው እምቡጥ ውስጥ ባሉት ሴሎች ቁጥር ነው።

ግማሽ መጠን የያዙት ዘመዶች

ሁለቱም ወላጆች ከሁለት ቅጂ አንዱ ብቻ የጎደለባቸው ነበሩ። ቆሽት አላቸው፤ ስለዚህ አንድ ቅጂ አካሉን ለመገንባት ይበቃል። ወደ ሰፊው ቤተሰብ ሲኬድ ግን አንድ ቅጂ የጎደለባቸው ዘመዶች በስኳር በሽታ ተይዘው ተገኙ፤ በሽታው የጀመራቸውም ከ17 እስከ 67 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ በአማካይ በ35 ነበር። ይህ ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚተላለፍ የስኳር በሽታ ዓይነት ሞዲ4 የሚል ስም ተሰጠው።

ለምን በኋላ? ፒዲኤክስ1 ሁለት ሥራ አለውና። በሽሉ ውስጥ መላውን እምቡጥ ያሳድጋል፤ አካሉ ከተሠራ በኋላ ደግሞ በኢንሱሊን ሴሎች ውስጥ ተወስኖ የኢንሱሊንን ጂንና ስኳር የሚለኩባቸውን መሣሪያዎች ያስተዳድራል። በ1998 የኡሜዮው ቡድን ጂኑን ከኢንሱሊን ሴሎች ብቻ ሲያወጣ አይጦቹ ደህና ቆሽት ይዘው ተወልደው ዕድሜያቸው ሲገፋ ስኳር በሽታ ያዛቸው። በዚያው ዓመት ስቶፈርስና ባልደረቦቿ ሌላ ነገር ጨመሩ፦ ከጎደለችው ፊደል በታች ሁለተኛ የንባብ መነሻ አለ፤ ከእሱ የሚወጣው አጭር ፕሮቲን ዲኤንኤውን ይይዛል፣ ሥራ ግን አይሠራም፤ የጤነኛውን ቦታ ይሻማል።

ለሐኪም ከዚህ ሁሉ የሚጠቅመው አንዱ ጥያቄ ነው፤ በእኔ ግምት ከማንኛውም ምርመራ ቀድሞ መጠየቅ ያለበት። ስኳሩ አልወርድ ያለ አራስ ሲመጣ ስለ አባትና እናት ብቻ ሳይሆን ስለ አያቶች፣ አክስቶችና አጎቶች ይጠየቅ፦ ቀጭን ሆኖ በወጣትነቱ ስኳር የያዘው አለ ወይ? በሁለቱም ወገን ካለ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ለሚቀጥለው እርግዝና ስሌቱ ግልጽ ነው፦ ከአራት አንድ ዕድል ያለ ቆሽት፣ ከአራት ሁለት ዕድል አንድ ቅጂ የጎደለው፣ ከአራት አንድ ዕድል ከሁሉም ነፃ።

አልጋው አጠገብ

የአራስ ስኳር መጨመር ሁሉ ይህ አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደና በደም ሥር ግሉኮስ የሚወርድለት ሕፃን ስኳሩ ከፍ ብሎ በራሱ ይመለሳል። የሚንጠባጠበው ግሉኮስ ተቀንሶ፣ ኢንፌክሽን ተፈልጎ፣ ለጥቂት ቀናት ስኳሩ በዴሲሊትር ከ250 ሚሊግራም በላይ ከቆየ ግን የዘረመል ምርመራ ይላክ። ከስድስት ወር ዕድሜ በፊት የጀመረ የስኳር በሽታ በአብዛኛው የተለመደው የልጆች ስኳር ሳይሆን የአንድ ጂን ችግር ነው። ምርመራው የሚያስፈልገው ስም ለማውጣት ብቻ አይደለም፤ ኬሲኤንጄ11 ወይም ኤቢሲሲ8 በተባሉ ጂኖች ችግር የመጣ ከሆነ ሕፃኑ ከመርፌ ወደ ሰልፎኒልዩሪያ፣ የኢንሱሊን ሴሎችን ወደሚያነቃቃ ኪኒን፣ ሊዛወር ይችላል። ቆሽት ለሌለው ልጅ ኪኒኑ ምንም አይጠቅመውም፤ የሚያነቃቃው ሴል የለምና።

ሁለተኛው ምርመራ የሰገራ ኢላስቴዝ ነው፤ ኢላስቴዝ ቆሽት ከሚያመነጫቸው ኢንዛይሞች አንዱ ነው። በአንድ ግራም ሰገራ ከ200 ማይክሮግራም በታች ጉድለት፣ ከ100 በታች ከባድ ጉድለት ይባላል። ሁለት ወጥመዶች አሉት። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጤነኛ አራስም ዝቅ ያለ ውጤት ይሰጣል፤ ውሃማ ሰገራም ውጤቱን አቅጥኖ ያሳንሰዋል። አንድ ጥሩ ነገር ግን አለው፦ የሰውን ኢላስቴዝ ብቻ በሚለይ መለኪያ ከተሠራ ሕፃኑ ከአሳማ የሚዘጋጀውን የኢንዛይም መድኃኒት እየወሰደም መመርመር ይቻላል። አልትራሳውንድን በተመለከተ በአራስ ሆድ ውስጥ ያለው ጋዝ ቆሽትን ስለሚሸፍን «አልታየም» እና «የለም» አንድ አይደሉም። ሪፖርቱ ላይ የቱ እንደተጻፈ አስተውሎ ማንበብ ነው።

ሕክምናው ሁለት ክንፍ አለው። ከባዱ ኢንሱሊን መስፈር ነው። ሁለት ኪሎ የሚመዝን አራስ በቀን በኪሎ ግማሽ ዩኒት ቢያስፈልገው ድምሩ አንድ ዩኒት ነው፤ ያ ደግሞ ለቀኑ ተከፋፍሎ ነው የሚሰጠው። በሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ከያዘ ብልቃጥ ይህን በሲሪንጅ መቅዳት አይቻልም። ስለዚህ አንድ እጅ ኢንሱሊን ከአምራቹ ከሚመጣ ዘጠኝ እጅ ማቅጠኛ ጋር ተደባልቆ በሚሊ ሊትር 10 ዩኒት ይደረጋል፤ ያን ጊዜ በሲሪንጁ ላይ «1» የሚለው መስመር በእውነቱ 0.1 ዩኒት ነው። አደጋው ያለው እዚሁ ላይ ነው። ያልቀጠነው ብልቃጥ በስሕተት ቢነሣ ሕፃኑ አሥር እጥፍ ይወስዳል። የቀጠነው ብልቃጥ መጠኑና የተደባለቀበት ቀን በትልቁ ተጽፎበት ለብቻው ይቀመጥ፤ ወላጆችም መጠኑን ሲናገሩ «ስንት መስመር» እና «ስንት ዩኒት» ብለው እንዲለዩ ይልመዱ። ፓምፕ ከተገኘ ጥቂት በጥቂት ስለሚሰጥ ይመረጣል። ስኳሩ ሲወርድ ወደ ላይ የሚመልሰው የቆሽት ግሉካጎንም አብሮ ስለሌለ የእነዚህ ልጆች መውረድ ፈጣን ነው፤ መጠኑ በጣም ተጠብቆ ዝቅተኛው ስኳር ላይ ከመግፋት ትንሽ ላላ ቢደረግ ይሻላል።

ኢንዛይሙ በሊፔዝ፣ ቅባት በሚፈጨው ኢንዛይም፣ ዩኒት ይቆጠራል። ለሕፃን በአንድ ጥቢ ወይም በ120 ሚሊ ሊትር ወተት ከ2,000 እስከ 4,000 ይጀመራል፤ በቀን በኪሎ ከ10,000 አይታለፍም፣ ከልክ ያለፈ መጠን ትልቁን አንጀት ያጠብባልና። ካፕሱሉ ተከፍቶ ፍሬዎቹ በጥቂት የፖም ፍትፍት በማንኪያ ከመጥባቱ በፊት ይሰጣሉ። ጡጦ ውስጥ አይጨመሩም፤ አይደቀቁም፤ ሽፋናቸው የተሠራው በጨጓራ አሲድ ውስጥ እንዳይከፈቱ ነው። አፍ ውስጥ የቀረ ፍሬ ድድንና የእናቲቱን ጡት ጫፍ ያቆስላል፤ ከጠባ በኋላ የአፉን ውስጥ ማየት ተገቢ ነው። በቅባት ውስጥ የሚሟሙት ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ቫይታሚኖች ይጨመራሉ። ቤተሰብን የሚያደናግር አንድ ነገር አስቀድሞ ይነገር፦ ኢንዛይሙ ተስተካክሎ ምግቡ ሰውነት ውስጥ መግባት ሲጀምር የኢንሱሊን ፍላጎት ከፍ ሊል ይችላል። የመባባስ ምልክት አይደለም።

ሌሎች በሮች

የቨርጂኒያው ሕፃን ጉዳይ የመጀመሪያው ሆኖ ቢታወቅም ፒዲኤክስ1 የዚህ ችግር ዋና ምክንያት አይደለም። በ2012 ቆሽት የሌላቸው 27 ሰዎች ሲመረመሩ 15ቱ ጋታ6 በተባለ ጂን ላይ ለውጥ ተገኘባቸው፤ አብዛኛው አዲስ፣ ከወላጅ ያልመጣ ነው። አንድ ቅጂ መጉደሉ ብቻ በቅቷል። በአይጥ ላይ ግን አንድ የጋታ6 ቅጂ ማጥፋት ቆሽቱን አይነካውም፤ እምቡጡ የሚጠፋው ጋታ4 እና ጋታ6 አብረው ሲወጡ ነው። ፒዲኤክስ1ን አይጥ በትክክል ተንብዮ ነበር፤ ጋታ6ን ግን ከአይጥ ብቻ የጠበቀ ሰው አያገኘውም ነበር። ጋታ6 ልብንም ስለሚሠራ ቆሽት የሌለው አራስ ሁሉ የልብ አልትራሳውንድ ይሠራለት።

በ2014 ደግሞ ፒቲኤፍ1ኤ ከተባለው ጂን 25,000 ፊደል ያህል ርቆ የሚገኝ፣ 400 ፊደል ገደማ የሆነ ማብሪያ ቁራጭ ተገኘ። ጂኑ ራሱ ከተበላሸ ከቆሽቱ ጋር ሴሬቤለም የሚባለው የአንጎል ክፍልም ይጎድላል። ማብሪያው ብቻ ሲበላሽ ግን አንጎሉ ደኅና ሆኖ ቆሽቱ ብቻ ይቀራል። ማብሪያው ከጂኑ ውጭ ስለሆነ የጂኑን አካል ብቻ የሚያነብ ምርመራ «ምንም አልተገኘም» ብሎ ይመልሳል፤ ወላጆቹ ዘመዳሞች ከሆኑ በተለይ ይህ ቁራጭ በስሙ ተጠርቶ ይጠየቅ።

ፒዲኤክስ1 ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ የደከመባቸውም ልጆች አሉ፤ በሁለቱም ቅጂዎች ላይ አንድ አሚኖ አሲድ ብቻ ተቀይሮ በአራስነት ስኳር በሽታ ሲይዛቸው የምግብ መፈጨቱ ግን ያን ያህል አይታወክም። የተቆጣጣሪው ጉልበት ሲቀንስ ቀድሞ የሚጎዳው ኢንሱሊኑ ነው።

የኡሜዮው ማጣመር ሥራ ያሳየው ነገር፣ ሜሰንካይሙ ጤነኛ ሆኖ ተቀባይ አጥቶ መቅረቱ፣ ከዓመታት በኋላ ለሌላ ሥራ ዋለ። በ2010 በጃፓን የሂሮሚትሱ ናካኡቺ ቡድን ፒዲኤክስ1 በሌለው የትንሿ አይጥ (ማውስ) ሽል ውስጥ፣ ገና ጥቂት ሴሎች ሳለ፣ የሌላ ዝርያ የሆነችውን የትልቋን አይጥ (ራት) ግንድ ሴሎች፣ ማለትም ማንኛውም ዓይነት ሴል መሆን የሚችሉትን፣ አስገባ። የጎደለውን ቱቦ የተኩት የእንግዳዋ ሴሎች ናቸው፤ የተወለደው ግልገል የሌላ ዝርያ ቆሽት ይዞ ተወለደ። ያ ቆሽት መጠኑ የአስተናጋጇን ያህል ትንሽ ስለነበር ለንቅለ ተከላ የሚበቃ ደሴት አልወጣውም። በ2017 ቡድኑ አገላብጦ ሞከረው፦ ፒዲኤክስ1 በሌለው የትልቋ አይጥ ሽል ውስጥ የትንሿን ሴሎች። ቆሽቱ በትልቋ ልክ አደገ። ከእሱ የወጡት ደሴቶች ስኳር ወደያዛቸው ትናንሽ አይጦች ተተከሉ፤ በሽታ መከላከያቸው በመድኃኒት የታፈነው ለመጀመሪያዎቹ አምስት ቀናት ብቻ ሲሆን፣ ስኳራቸው ከ370 ቀናት በላይ በደንቡ ቆየ።